የትኛው ጣት?

መቼም ሰው ሲተዋወቅ የሚቀድመው ጥያቄ «ምን ትሠሪያለሽ?» ነው። እኔ ይህን ጥያቄ እፈራዋለሁ። «ሜዲካል ኮዲንግ» ስል ግማሹ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የምጽፍ ይመስለዋል። ግማሹ ደግሞ ነርስ ያደርገኝና እዚያው ቆመን ስለ ደም ግፊቱ ያማክረኛል። አንድ የቤተሰብ ወዳጅማ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ጋዜጠኝነት ታዲያ ምን በላው?» ብለው በሰው ፊት አፋጠጡኝ። ስለዚህ ዛሬ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስና ልገላገል። ለማስረዳት የምትበቃኝ አንዲት ጣት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሐኪሙ ያየውንና ያደረገውን ይጽፋል። የጻፈውን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያነብና ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ቁጥሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ምን አመማችሁ?» ለሚለው መልስ ነው፤ አይሲዲ-10 ይባላል። መሠረቱ የዓለም ጤና ድርጅት ሲሆን አሜሪካኖች ለራሳቸው እንዲመች አድርገው አስፍተውታል። ሌላው «ሐኪሙ ምን አደረገላችሁ?» ለሚለው ነው፤ ሲፒቲ ይባላል፣ ባለቤቱም የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ነው። ኢንሹራንሱ ሁለቱን አጋጥሞ ያያል። ከተስማሙለት ይከፍላል፤ ካልተስማሙለት ደብዳቤ ይልካል። ቁጥሩን የምትሰጠዋ ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ። በዲቪ መጥቼ አንድ ዓመት ያህል ሱቅ ውስጥ ቆሜ ከሠራሁ በኋላ የማታ ኮርስ ወሰድኩ፤ 100 ጥያቄ በ4 ሰዓት፣ መጽሐፍ እየገለጡ የሚሠራ ፈተና ተፈትኜ ገባሁበት።

«ታዲያ ይሄ ከጋዜጠኝነት ጋር ምን አገናኘው?» አትሉኝም? ቆዩኝማ።

እዚህ «ትሪገር ፊንገር» የሚሉት ሕመም አለ። በእኛ «የቃታ ጣት» እንደማለት ነው። ከጠመንጃ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። ጣታችንን የሚያጥፈው ጅማት ከመዳፋችን ወደ ጣታችን ጫፍ ሲሄድ እንደ ቀለበት ባሉ ማሰሪያዎች ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። ጅማቱ ሲያብጥ ወይም ቀለበቱ ሲጠብ፣ ቋጠሮ ያለበት ክር በመርፌ ቀዳዳ አላልፍ እንደሚለው ይሆናል። ጣቱ ይታጠፋል፤ ሲዘረጋ ግን መንገድ ላይ ይያዛል። ከዚያ ድንገት «ቀጭ!» ብሎ ይለቃል፣ ልክ ቃታ ተስቦ እንደተለቀቀ። ጠዋት ጠዋት ይብሳል። እየከፋ ሲሄድ ጭራሽ በራሱ አይዘረጋም፤ በሌላኛው እጅ ጎትቶ ማስለቀቅ ነው። ኖታ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1850 ጽፎበታል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ከወንድ ይልቅ ሴትን፣ ስኳር ከሌለበት ይልቅ ስኳር ያለበትን ሰው ያዘወትራል። ቀኑን ሙሉ አጥብቆ መጨበጥ ከሚጠይቅ ሥራ ጋርም ስሙ ይነሳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አሜሪካ እስከ 2015 ድረስ ትሠራበት በነበረው በአሮጌው አይሲዲ-9 ለቃታ ጣት የነበረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ 727.03። አውራ ጣትም ይሁን ትንሿ፣ ቀኝም ይሁን ግራ፣ ለአሥሩም ጣት አንድ ቁጥር። አባቶቻችን «አምስት ጣት እኩል አይደለም» ያሉትን ኢንሹራንሱ ገና አልሰማም ነበር ማለት ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 2015 አይሲዲ-10 ሲገባ ግን እያንዳንዱ ጣት የራሱን ቁጥር አገኘ። መነሻው ኤም65.3 ነው። ቀጥሎ ጣቱ ይመጣል፦ አውራ ጣት 1፣ ሌባ ጣት 2፣ የመሃል ጣት 3፣ የቀለበት ጣት 4፣ ትንሿ ጣት 5። መጨረሻ ላይ እጁ ይጨመራል፦ ቀኝ 1፣ ግራ 2። ስለዚህ የቀኝ እጅ የቀለበት ጣት ኤም65.341 ነው። ቀላል አይደል?

ሐኪሙ «ትሪገር ፊንገር» ብሎ ጽፎ ዝም ካለስ? ለዚያም ቁጥር ተዘጋጅቷል፤ ኤም65.30 ይባላል። ትርጉሙ «ያልተገለጸ ጣት» ነው። ይህ ቁጥር ሁሌም ይገርመኛል። ሴትየዋ አለች፤ ጣቷ አለ፤ ሐኪሙ በገዛ እጁ ይዞ አይቶታል። ወረቀቱ ላይ ግን ጣቱ ጠፍቷል።

ይህ ሁሉ መጽሐፉ ዝርዝር ስለሚወድ ነው። ከ70,000 በላይ ቁጥሮች አሉት። በዳክዬ ለተመታ ሰው ቁጥር አለው። የአውሮፕላን ሞተር ስቦ ላስገባው ሰው ቁጥር አለው፤ ያውም «ለተከታታይ ሕክምና የተመለሰ» የሚል አለበት (ማን ተርፎ እንደሚመለስ አትጠይቁኝ)። ለዳክዬ ይህን ያህል የተጨነቀ መጽሐፍ «የትኛው ጣት?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

ለሕክምናውም እንዲሁ ነው። በጅማቱ ሽፋን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ 20550 ነው። ቀለበቷን ቀድዶ ጅማቱን ነፃ የሚያወጣው ትንሽ ቀዶ ሕክምና 26055 ነው። ከቁጥሩ ጎን ጣቱን የሚናገር ምልክት ይለጠፋል፦ የግራ አውራ ጣት ኤፍኤ፣ ከዚያ በተራ እስከ ግራ ትንሿ ጣት ከኤፍ1 እስከ ኤፍ4፣ የቀኝ አውራ ጣት ኤፍ5፣ እያለ የቀኝ ትንሿ ጣት ኤፍ9 ላይ ያበቃል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሐኪሙ «ሦስተኛው ጣት» ብሎ ቢጽፍ የቱ ነው? አውራ ጣትን አንድ ብሎ ለሚጀምር ሰው የመሃል ጣት ነው። አውራ ጣትን ለማይቆጥር ሰው የቀለበት ጣት ነው። አንዱ ቃል በሁለት ጣት መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ሌባ ጣት»፣ «የቀለበት ጣት» ብሎ በስም መጥራትን የመሰለ ነገር የለም።

ይሄኔ ነው እንግዲህ ጋዜጠኝነቱ የሚመጣው። እኔ ኮደሯ «መቼም የቀለበት ጣት ይሆናል» ብዬ መገመት አልችልም። ያልተጻፈ ነገር ለእኔ የለም። ግልጽ ካልሆነልኝ ሐኪሙን በጽሑፍ መጠየቅ አለብኝ፤ አጠያየቁም ሕግ አለው። «እባክዎ ቀኝ የቀለበት ጣት ብለው ይጻፉልን፣ እንዲከፈለን» ማለት ክልክል ነው። መልሱን ወደ አፉ የሚያስገባ ጥያቄ አይጠየቅም። ክፍል ውስጥ መምህሮቻችን ስለ ቃለ መጠይቅ ያሉን ይኸው አይደለም? ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት፤ ከምንጩ ያልሰማሽውን አትጻፊ። ጋዜጠኝነቱን ምንም አልበላውም፤ ጣት ላይ ወረደ እንጂ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ግን ስለ ሥራዬ ለማውራት አይደለም። ስለ እቴቴ ላወራችሁ ነው።

እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። አሜሪካ ስመጣ የተቀበለችኝ፣ ክፍሏን የለቀቀችልኝ እሷ ናት። ሆቴል ውስጥ መኝታ ክፍል ታጸዳለች። ያን ሥራ የማታውቁ ካላችሁ፦ በቀን ደርዘን ከበለጠ ክፍል፣ በእያንዳንዱ ክፍል ፍራሽ አንስቶ አንሶላ ወጥሮ መወተፍ፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ ቫኪዩም መጎተት ነው። ሁሉም ነገር ጭብጥ ነው። ቤት ስትገባ ደግሞ እንጀራው አለ፣ የሊጡ ባልዲ አለ።

አንድ ቀን ከኢንሹራንሷ ደብዳቤ መጣ። ሐኪሟ ለጣቷ የጠየቀላትን ቀዶ ሕክምና አንፈቅድም ይላል። ምክንያቱን ሲያስረዳ «የሕክምናው አስፈላጊነት በማስረጃ አልተደገፈም» ነው ያለው። እቴቴ ደብዳቤውን አጣጥፋ መሶቡ ሥር አስቀመጠችው። «ተይው፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። እግዚአብሔርማ ያውቃል። ኢንሹራንሱ ነው ያላወቀው።

የሥራ ቦታ ፋይል ከፍቶ የዘመድ መዝገብ ማየት አይቻልም፤ በእኛ ሙያ ከሥራ የሚያስባርር ነገር ነው። ግን ማንኛውም ታካሚ የራሱን መዝገብ የማየት መብት አለው። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ደግሞ ሐኪሙ የጻፈውን ማስታወሻ በኢንተርኔት በነፃ ማንበብ በሕግ የተፈቀደ ነው። እቴቴን አስፈቅጄ በራሷ ስልክ ላይ ከፈትነው። የመጀመሪያው ጉብኝት በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «የጣት ሕመም አለኝ ትላለች። ደህና ናት። ሥራዋን ትሠራለች።» የተሰጠው ቁጥር ኤም79.644 ነው፤ የቀኝ እጅ ጣት ሕመም። ሁለተኛው ጉብኝት ደግሞ አጭር ነው፦ «ትሪገር ፊንገር። ቀዶ ሕክምና ይደረግ።» ቁጥሩ ኤም65.30። ያቺ ያልተገለጸች ጣት!

እስቲ በኢንሹራንሱ ወንበር ተቀመጡና አንብቡት። ደህና የሆነች፣ ሥራዋን የምትሠራ ሴት አለች። የቱ እንደሆነ ያልታወቀ ጣት አላት። ከዚያ በፊት ምን ሕክምና እንደተሞከረላት አልተጻፈም። ማን ይፈቅዳል?

ኩሽና ውስጥ ቡና አፈላችና ደብተር ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«እቴቴ፣ የትኛው ጣት ነው?»

«ይቺ ናት።» የቀኝ እጇን የቀለበት ጣት አሳየችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ቆየ።»

«ቆየ ማለት ስንት ወር?»

«እኔ ወር ቆጥሬ አውቃለሁ እንዴ ልጄ! የጥምቀት ለታ ዳቦ ስቆርስ ነው ቢላው ላይ ታጥፋ አልላቀቅ ያለችኝ።»

ጥምቀት ማለት ጃንዋሪ ነው። የምናወራው ኦክቶበር ላይ ነበር። ዘጠኝ ወር!

ሌላውም ቀስ በቀስ ወጣ። ጠዋት ከሁሉ በፊት ተነስታ እጇን ሙቅ ውኃ ውስጥ ትነክራለች፤ ካልሆነ ጣቷ አይከፈትም። ለካ የዚያ ሰዓት የቧንቧ ድምፅ እሱ ነበር። ሌላ ክሊኒክ ሄዳ ሁለት ጊዜ መርፌ ተወግታለች። የመጀመሪያው ሁለት ወር ያህል ረዳት፣ ሁለተኛው ምንም አላደረገላትም። የፋርማሲ ማሰሪያም ሞክራለች። ቫኪዩሙን በግራ እጇ መጎተት ከጀመረች ቆይታለች። የሊጡ ባልዲ አንድ ጊዜ ከእጇ አምልጧት ተደፍቷል። ከዚህ ሁሉ አንዲቱም ቃል መዝገቡ ውስጥ የለችም።

«ይሄን ሁሉ ለሐኪሙ ለምን አልነገርሽውም?»

«ምን ብዬ? ሰውየው ገና ሲገባ ‹ሃው አር ዩ?› አለኝ። ‹ፋይን› አልኩት።»

እናንተዬ፣ ይህቺን ዓረፍተ ነገር እስካሁን አልረሳኋትም። እኛ እኮ «እንዴት ነሽ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ሐኪም ፊት ሕመም መዘርዘር ማማረር ይመስለናል። የተማረ ሰው ጊዜ ማባከን ይመስለናል። ኩራትም አለበት፤ እቴቴ «ሥራ አቃተኝ» ከምትል ጣቷን ቆርጣ ብትሰጥ ይቀላታል። ያም ሆኖ ሐኪሙ የዋሸው ነገር የለም። ፋይን አለችው፤ «ደህና ናት» ብሎ ጻፈ። ፋይኗ ከእሱ አፍ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ደብዳቤ ሆና መጥታ መሶብ ሥር ተቀመጠች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት የእኛው ነው። ተረቱን እናውቀዋለን፤ ለራሳችን ስንሆን ግን አናስታውሰውም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ውስብስብ አይደለም። እቴቴ እንደገና ቀጠሮ ያዘች። የአማርኛ አስተርጓሚ ይኑር ብላ አስቀድማ ጠየቀች። በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ሆስፒታልም ሆነ ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲማ አማርኛ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚው በስልክ ነበር። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። እሷ ደግሞ ያቺን የደብተሬን ገጽ ይዛ ከጥምቀት ጀምራ ተረከች። ሐኪሙ መዳፏን ጫን ጫን አድርጎ ያበጠውን ቦታ አገኘው። ጣቷን አጥፋ እንድትዘረጋ ጠየቃት። «ቀጭ!» ሲል ሁላችንም ሰማን። የመርፌዎቹ መዝገብ ከሌላው ክሊኒክ እንዲመጣ ተጠየቀ።

የድሮው ማስታወሻ አልተሰረዘም፣ አልተደለዘም። እንዲህ ያለ ነገር ወንጀል ነው። አዲሱ ማስታወሻ ግን በዕለቱ ቀን ተጻፈ፦ ቀኝ እጅ፣ የቀለበት ጣት፣ ዘጠኝ ወር የቆየ፣ በየጠዋቱ የሚቆለፍ፣ በሌላው እጅ ካልሆነ የማይዘረጋ፣ ሁለት መርፌና ማሰሪያ ተሞክሮ ያልተሻለው፣ በእጅ የምትሠራውን ሥራ ያወከ። ቁጥሩም ኤም65.341 ሆነ። ይግባኙ ከዚህ ማስታወሻ ጋር ተላከ፤ በሦስተኛው ሳምንት ፈቃዱ መጣ። ያው ጣት ነው፣ ያው ሴት ናት፣ ያው ሐኪም ነው። የተለወጠው የተጻፈው ብቻ ነው።

ቀዶ ሕክምናው አጭር ነበር፤ እጇን ብቻ አደንዝዘው እያወራች ነው የሠሩላት። ዛሬ ጣቷ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጠባሳዋ መዳፏ መስመር ውስጥ ገብታ ለማየት ታስቸግራለች። ግን ውሸት ለምን ልጻፍላችሁ? ሁሉም ነገር አልተፈታም። አንሶላው አሁንም ይወጠራል፣ ቫኪዩሙ አሁንም ይጎተታል፤ የግራ እጇ የመሃል ጣት ደግሞ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ትከብዳለች። ኤም65.341 የቱ ጣት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ያቺ ጣት ስንት ሺህ አንሶላ እንደወጠረች አይናገርም። ያንን መጻፍ እንግዲህ የኔ ቢጤዎች ድርሻ ነው መሰለኝ።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ እናት ወይም አክስት ይዛችሁ ሐኪም ቤት የምትሄዱ ናችሁ። አዲስ አበባ ካርድ ክፍል ተሰልፋችሁም ይሁን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቀጠሮ ጠብቃችሁ፣ ነገሩ አንድ ነው፤ ነገ የሚያያት ሌላ ሐኪም የሚያውቀው ካርዱ ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ቡና ይፈላና ጠይቋት። የት ነው የሚያምሽ? በጣትሽ አሳዪኝ። ከየትኛው በዓል ወዲህ? ምን ማድረግ ከለከለሽ? ከዚህ በፊት ምን ተሞከረ፣ ረዳሽ ወይስ አልረዳሽም? ስኳር ካለባት ሳትጠየቅም ትናገር፤ ለቃታ ጣት የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ቀናት ስኳርን ከፍ ያደርጋልና። በወረቀት ጽፋችሁ አስይዟት።

ስታስተረጉሙም አታሳጥሩ። እሷ አምስት ደቂቃ ተናግራ እናንተ «ጣቷን ያማታል» ብላችሁ ከጨረሳችሁ፣ አራት ደቂቃ ተኩሏን ቀምታችኋታል።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ሦስት ነገር ልጨምር። «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ወረቀት ከኢንሹራንስ ሲመጣ አትጣሉት፤ የትኛው ቁጥር እንደተላከና ለምን እንዳልተከፈለ የሚናገረው እሱ ነው። አብዛኛው የግል ኢንሹራንስ «አንከፍልም» ሲል ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። የቃታ ጣት ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ደግሞ በሜዲኬር ስሌት ለ90 ቀን የሚደረገው የተለመደ ክትትል፣ ስፌት ማውጣቱም ጭምር፣ በቀዶ ሕክምናው ዋጋ ውስጥ ነው፤ ብዙ ኢንሹራንሶችም ይህንኑ ይከተላሉ። ለዚያ ለብቻው ቢል ከመጣባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ሐኪሙ ገብቶ «ሃው አር ዩ?» ሲላችሁ ሰላምታውን በሰላምታ መልሱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን በሉ። ከዚያ ግን ዝም አትበሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ግን ከጥምቀት ጀምሮ አልከፈት ብላለች» ማለት ምስጋናውን አያፈርሰውም።

ቸር ይግጠመን።